የሲኒው አደራ

በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ትንሹ፣ ዋጋውም ዝቅተኛው፣ ለመሰበርም ፈጣኑ ሲኒ ነው። በልጅ እጅ ይወድቃል፤ በእንግዳ ክርን ይገፋል፤ ከአጣቢም ጣት ያመልጣል። ይሁን እንጂ ቤት በሚፈርስበት፣ ቤተ ሰብ በሚበተንበት፣ ወይም ባለቤት ከዚህ ዓለም በሚለይበት ጊዜ፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ያለ ብዙ ክርክር ሲከፋፈል፣ ቅያሜው የሚነሣው ብዙ ጊዜ በጥቂት ጉንጭ ቡና በሚሞላው በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በአልጋ ላይ የተኛ ሰው አይናገርም፤ ሲኒ የያዘ ሰው ግን ይናገራል። በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ የቤቱ ምክር፣ የቤቱ ዕርቅ፣ የቤቱ ኀዘንና የቤቱ ደስታ ሁሉ የተነገረው በረከቦቱ ዙሪያ ነውና።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ለመናገር ያሰብነው ስለዚሁ ሲኒ፣ ይልቁንም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስለሚተላለፈው ሲኒ ነው። በቦሌና ከቦሌ በስተ ምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ፣ የቤት ዕቃ ባለቤቱን መለወጡ የተለመደ ነገር ሆኗል። አንዱ ውጭ ሀገር ወዳሉት ልጆቹ ዘንድ ለመሄድ ቪዛው ሲደርስለት ዕቃውን ሸጦ ይነሣል። ሌላው በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በመሐል ከተማ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቶ፣ የእናቱ ቡፌ በደረጃው አልወጣ ቢለው ከነሲኒው ለሚፈልገው ሰጥቷል። የሥራ ዘመኑ ያበቃው የውጭ ሀገር ሰውም የተከራየውን ቪላ በሚለቅበት ጊዜ ሳሕኑንና የሻይ ዕቃውን ለዘበኛውና ለወጥ ቤቷ አከፋፍሎ ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ይሄዳል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ዕቃው እንዲህ ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ታሪኩ አብሮት ይተላለፋልን? ወይስ ታሪኩ በቀድሞው ቤት ደጃፍ ላይ ቀርቶ፣ አዲሱ ባለቤት ባዶ ሸክላ ብቻ ይዞ ይገባል?

አስቀድመን ስለ ዕቃው ትውልድ ጥቂት እንናገር። «ሲኒ» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ ተሸክሟል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ይህን ነጭና ስስ ሸክላ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ሲያመጡት በተወለደበት ሀገር ስም ጠሩት፤ እንግሊዞችም እንዲሁ በቋንቋቸው የሸክላውን ዕቃ ቻይና ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጅዋን «ሲኒውን አቀርቢልኝ» ባለች ቁጥር፣ ሳታውቀው የቻይናን ስም ትጠራለች።

የሩቅ ምሥራቅ ሸክላ ወደ ሀገራችን መግባቱም የትናንት ነገር አይደለም። በድሬ ዳዋ አጠገብ ሐርላ በተባለው ስፍራ፣ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባደረጉት ቁፋሮ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ተገኝቷል። በ2009 ዓ.ም. በይፋ እንደ ተነገረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ ከእርሱም ጋር ከየመን፣ ከማልዲቭ፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ከመሬት ወጥተዋል። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በዚያ ከተማ የኖረች አንዲት የቤት እመቤት የቻይና ሸክላ ከእጅዋ ወድቆ በተሰበረባት ጊዜ ምን ያህል እንዳዘነች ማን ያውቃል? የሐረር ሰዎችም እስከ ዛሬ ድረስ የእንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን ግድግዳ በሳሕን፣ በጎድጓዳ ዕቃና በሰፌድ አስጊጠው ይኖራሉ። በዚያ ቤት ዕቃ የሚበላበት ብቻ ሳይሆን የሚታይና የሚወረስ ክብርም ነው።

የሲኒው መልክ ደግሞ የብዙ ሕዝብ እጅ ያረፈበት ነው። እጀታ የሌለው ትንሽ ሲኒ በቻይና ለሻይ ይሠራ ነበር። ቡና ከየመን ወደ ቱርክ ግዛት ሲስፋፋ፣ ቡና ጠጪዎች ይህንኑ የቻይና ሲኒ ለቡና አዋሉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1710 በጀርመን ሀገር በማይሰን ከተማ የሸክላ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ፣ ፋብሪካው ለቱርኮች ገበያ እጀታ የሌላቸውን ትንንሽ ሲኒዎች ይሠራ ነበር። በሀገራችን ቀድሞ ክርስቲያኑ ከቡና ይርቅ ነበርና፣ ቡና በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የገባው በተለይ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ቡናው ሲገባ ሲኒውም አብሮ ገባ። እነሆ፣ የቻይናው መልክ፣ የዐረቡ ስም፣ የእኛው ቡና በአንድ ረከቦት ላይ ተገናኙ።

የአሠራሩም ነገር ቢታወቅ መልካም ነው። የሲኒው አፈር ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ሲሆን፣ ስሙ የሸክላ ከተማ ከሆነችው ከጂንግዴዠን አጠገብ ከምትገኘው ከጋኦሊንግ መንደር የተወሰደ ነው። አፈሩ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲጠበስ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ ብርሃንም በመጠኑ ያሳልፋል። ደኅናውን ሲኒ በጥፍር መታ ቢያደርጉት እንደ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው ግን፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም፣ ድምፁ የታፈነ ነው። እናቶቻችን ከሾላ ገበያ ሲኒ በሚገዙበት ጊዜ አንድ በአንድ መታ መታ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። አበባው ከመስታወቱ ሥር የተሳለ እንደ ሆነ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። ከላይ በተቀባው ወርቅ የተከበበ ከንፈር ግን በእጥበት ብዛት እየሳሳ በመጨረሻ ይጠፋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የጃፓን ዕቃ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ለሀገራቸው ሰው አስነበቡ። በዚያው ዘመን የጃፓን ጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ከዚያም በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ዘመተ። ተራ በተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ወታደሮቹ የዕረፍት ቀን ሲያገኙ ወደ ጃፓን ይሻገሩ ነበር። ወደ ሀገሩ የሚመለስ ጎልማሳ ለእናቱ ወይም ለእጮኛው ባዶ እጁን መምጣት አይሆንለትምና፣ በሣጥኑ ሐርም ሆነ ሸክላ ቢይዝ የሚያስደንቅ አይደለም። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን በጎበኙ ጊዜም የሁለቱ ሀገሮች ወዳጅነት በረታ። ከቻይና ጋር የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የተጀመረው ግን ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ሲኒ አብዛኛው የቻይና ነው።

ሲኒ ቢገለበጥ ከሥሩ የተወለደበት ሀገር ማኅተም ብዙ ጊዜ ይገኝበታል። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ በባዕድ ጦር ሥር በነበረችበት ጊዜ ወደ ውጭ ከላከቻቸው ዕቃዎች በብዙዎቹ ላይ «ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን»፣ ማለት በተያዘችው ጃፓን የተሠራ፣ የሚል ጽሕፈት ታትሟል። ይህ ዘመን ያበቃው በሚያዝያ 1944 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ያለበት ሲኒ በቤቱ ያገኘ ሰው የዕቃውን ዕድሜ ያለ ሌላ ምስክር ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን ማኅተም የሚነግረን የት እንደ ተሠራ ብቻ ነው። ማን እንደ ገዛው፣ ለማን እንደ ተሰጠ፣ በምን ቀን እንደ ተጠጣበት አይነግረንም። ያንን የሚነግር ሰው ብቻ ነው።

ነገሩን በተግባር ለማስረዳት በገርጂ አካባቢ የሆነውን አንድ ታሪክ እናቅርብ። የባለቤቶቹን ስም መጥራት አያስፈልግም።

አንዲት እናት በመልካም ሽምግልና ዐረፉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቋ በሰፈሩ ትኖራለች፤ መካከለኛው ወንድ ልጅ በከተማው ነጋዴ ነው፤ ታናሺቱ አሜሪካን ሀገር ናት። አባታቸው ከቃኘው ጦር ጋር የዘመቱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የሞቱ ሰው ናቸው። የአርባው ቀን ተዝካር ካለፈ በኋላ ልጆቹ ዕቃውን ለመከፋፈል ተቀመጡ። ሁሉም ነገር በሰላም ሄደ፤ በመጨረሻ ግን በቡፌው ላይ ያሉት ዐሥራ ሁለት ሲኒዎች ቀሩ። እነዚህ በቤቱ ውስጥ «የአባባ የቶክዮ ሲኒዎች» ይባሉ ነበር።

ታናሺቱ በስልክ፣ «እኔ ከእናትና ከአባቴ ርቄ የኖርሁ ነኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም፤ ሲኒዎቹን ላኩልኝ» አለች። ወንዱ ልጅ፣ «ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው የጃፓን ሸክላ ፈላጊ አለው፤ ተሽጦ ለሁለቱም መቃብር ሐውልት ይሠራበት» አለ። ትልቋም፣ «እናቴን ያስታመምኋት እኔ፣ ሲኒዎቹንም ሳጥብ የኖርሁት እኔ፤ ከዚህ ቤት አይወጡም» ብላ ቁልፉን ወሰደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እኅት ሰላምታ አቋረጡ፤ በስልክም የሚነጋገሩት በሰው በኩል ሆነ።

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የትልቋ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሲኒውን ስታደርቅ ገልብጣ አየችውና «እማዬ፣ ይኼ እኮ የቻይና ነው የሚለው» አለች። አንድ በአንድ ቢገለብጧቸው ዐሥራ ሁለቱም የቻይና ሆኑ። ትልቋ ልጅ በሕፃንነትዋ የምታውቃቸው ሲኒዎች ከንፈራቸው ላይ የወርቅ ክብ እንደ ነበራቸው ታስታውሳለች፤ ወርቁ በእጥበት ብዛት የለቀቀ መስሏት ኖሯል። ወንዱም ይህን በሰማ ጊዜ፣ «እንግዲያስ የተጣላነው ለማይረባ ነገር ነው፤ ለፈለገ ይሰጥ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም። ሁሉም በልባቸው፣ አባታቸው የነገሯቸው ውሸት ይሆን፣ ወይስ አንድ ሰው ለውጦባቸው ይሆን እያሉ መጠራጠር ጀመሩ። ቤቱን ትጠርግ የነበረችው ሠራተኛ እንኳ በሐሜት ተነሣች።

በዚህ መካከል የሟቿ የቡና ጓደኛ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነገሩን ሰሙ። ጠርተዋቸውም የሚያውቁትን ነገሯቸው። የቶክዮዎቹ ሲኒዎች እውነተኛ ነበሩ፤ አባትየው ከነሣጥናቸው ነበር ያመጧቸው። በ1977 ዓ.ም. ግን ታናሺቱ ልጅ በብርቱ ታመመች። ደመወዙ ለመድኃኒት አልበቃ ሲል፣ ባልና ሚስት ተመካክረው ዐሥራ ሁለቱንም ከነሣጥናቸው ወደ ቦሌ በኩል ለነበረ አንድ ቤት ሸጧቸው። ልጅቱም ዳነች። አባትየው ከዚያ ወዲህ ስለ ሲኒዎቹ ተናግረው አያውቁም፤ እናቲቱም በልጆቹ ፊት እንዳያነሡባቸው ተጠነቀቁ። በቡፌው ላይ ሌላ ዕቃ ተደረደረ፤ ልጆቹም ሲኒዎቹ ለክብር ተቆልፈው የተቀመጡ መሰላቸው።

ባላቸው ካረፉ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ልጆቹም ከቤት ከወጡ በኋላ፣ አንድ ቀን «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ነጋዴ በመንገዱ አለፈ። አንባቢ እንደሚያውቀው ልዋጭ በገንዘብ አይነግድም፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ሳሕን ወይም ባልዲ ይሰጣል። እናቲቱ የባላቸውን አሮጌ የወታደር ካፖርት አወጡ። ብል ጀምሮት ነበር። በእርሱ ምትክ ነጭ መልክ ያላቸው፣ ሰማያዊ አበባ የተሳለባቸው ዐሥራ ሁለት ሲኒዎች ወሰዱና በድሮዎቹ ቦታ ደረደሯቸው። ለጎረቤታቸውም፣ «ካፖርቱን ብል ከሚበላው፣ በየቀኑ ባነሣው ይሻለኛል» አሏቸው። ልጆቹ ለበዓል ሲመጡ ሲኒዎቹን አይተው፣ «የአባባ ሲኒዎች ወጡ!» ብለው ደስ አላቸው። እናትም ደስታቸውን ማፍረስ አልፈለጉም። ደግሞስ የአባባ አይደሉም ለማለት እንዴት ይችላሉ? በካፖርታቸው የተገዙ ናቸውና።

ይህ ሁሉ በስልክ ለታናሺቱ በተነገራት ጊዜ ብዙ ደቂቃ ዝም አለች ይባላል። የፈለገቻቸው ሲኒዎች የተሸጡት ለእርስዋ ነፍስ ነበርና። ከዚያ በኋላ ላኩልኝ የሚለው ነገር ቀረ፤ ይሸጡ የሚለውም ቀረ። ሲኒዎቹ በትልቋ ቤት ተቀመጡ፤ ወንዱ ልጅ ለሐውልቱ ከኪሱ አወጣ። በገበያ ዋጋ የሌላቸው መሆናቸው ከታወቀ በኋላ፣ ሊሸጣቸው የሚወድ ሰው ጠፋ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ታሪክ ያልተነገረበት ዕቃ ወራሾቹን ያጣላል። እናቲቱ ዝም ያሉት በፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ሆኖም ያ አንድ ምስጢር የሚያውቁት ጎረቤት ቀድመው ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱ ልጆች እርስ በርስ ተጠራጥረው፣ አባታቸውንም በልባቸው ዋሾ አድርገው፣ በአንዲት ምስኪን ሠራተኛም ላይ ፈርደው በቀሩ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለሰው ነገር ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የዕቃ ታሪክ ግን በዝምታ ይነቅዛል።

ሁለተኛ፣ የዕቃ ክብር ከማኅተሙ አይደለም። ጃፓን የሚለው ጽሕፈት ሲታሰብ ልጆቹ ተጣሉ፤ ቻይና የሚለው ሲታይ ናቁ፤ እውነቱ ሲነገር ታረቁ። ያስታረቃቸው ሸክላው ሳይሆን እውነቱ ነው። እውነት ስንልም አጥብቀን ነው። አንዳንድ ሰው አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ጊዜ ዋጋ ለማስወደድ የሌለ ታሪክ ይፈጥራል፤ «ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው፤ ከአያቴ የወረስሁት ነው» እያለ ትናንት የገዛውን ይሸጣል። ይህ ሁለት ጊዜ መስረቅ ነው፤ የገዢውን ገንዘብ ይሰርቃል፣ እውነተኛ ታሪክ ያላቸውንም ሰዎች እምነት ያሳጣቸዋል። ልብን የሚነካ ነገር ሁሉ እውነት አይደለም፤ እውነት የሆነው ግን ትንሽም ቢሆን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ መሸጥ ነውር አይደለም። ስለ ልጃቸው ሲኒያቸውን የሸጡ አባት ሊያፍሩ የሚገባቸው አልነበሩም። ዛሬም ለሕክምና፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለመንገድ ብሎ የእናቱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንገቱን ሊደፋ አይገባውም። ዕቃ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለዕቃ አልተሠራም። የሚያስተዛዝበውስ ሌላ ነው። ሲኒውን በቡፌ ውስጥ ቆልፎ፣ ለእንግዳ በተሰነጠቀው፣ ለልጆቹ በፕላስቲኩ እያጠጣ ኖሮ፣ ሲሞት አንድም ትዝታ የሌለው ንጹሕ ሸክላ ትቶ የሚሄድ ሰው አለ። ያልተጠጣበት ሲኒ ሰባ ዓመት ቢቀመጥም ታሪክ የለውም። የአንድ ደሀ ቤት ሲኒ ግን አፉ በመጠኑ ተሸርፎ፣ ቁጥሩም ከስድስት ወደ አራት ወርዶ፣ ለእያንዳንዱ ሽርፋት የሚነገር ነገር አለው።

ስለዚህ ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚሆን ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ዕቃ የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ ሰው፣ ሲኒውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በካርቶን ሲያኖር፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይጨምርበት። በወረቀቱም ላይ ማን እንደ ገዛው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከየት እንደ መጣ፣ ከስብስቡ የጎደለው ለምን እንደ ጎደለ፣ ሦስትና አራት መስመር ይጻፍ። በትክክል የማያውቀውን «ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ይጻፍ፤ የማያውቀውን አይጨምር። መጻፍ የማይሆንላቸው እናቶች ቢሆኑ ልጅ ያስጽፉ። የልጆችም ጽሕፈት በዚህ ይሻሻላል፤ የአያታቸውንም ታሪክ ከአያታቸው አፍ ይሰማሉ።

የሚቀበለው ደግሞ ዋጋ ብቻ አይጠይቅ። «እትዬ፣ ይህ ሲኒ የማን ነበር? በምን ቀን ታወጡት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። አንዲት በሰሚት የምትኖር አዲስ ሙሽራ፣ ወደ ልጆቻቸው ሊሄዱ ከተነሡ ከአንዲት ወይዘሮ ስድስት ሲኒ ስትገዛ፣ አምስቱ አበባቸው አንድ ሆኖ ስድስተኛው የተለየ መሆኑን አይታ ዋጋ ቀንሱልኝ ለማለት አፏን ከከፈተች በኋላ፣ አሳቧን ለውጣ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮዋም፣ የተሰበረውን የሰበረችው ጎረቤት እጅግ ስላፈረች በማግሥቱ ከራስዋ ስድስት አንዱን አምጥታ እንደ ተካችላቸው፣ ከዚያም ወዲህ ሁለቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው የጎደለና የተለየ ስብስብ ይዘው በወዳጅነት እንደ ኖሩ ነገሯት። ሙሽራዪቱ ዋጋ አላስቀነሰችም። ያን የተለየውን ሲኒ ግን ዛሬ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ትሰጥበታለች።

ሲኒ ሲሰበርም ፈጥኖ መጣል አይገባም። ጃፓኖች የተሰበረውን ሸክላ በዛፍ ሙጫ ገጥመው በስፌቱ ላይ የወርቅ ዱቄት ያደርጉበታል፤ ስብራቱ የዕቃው ታሪክ ነው ብለው አይሸሽጉትም። የእኛም እናቶች የተሰነጠቀውን ቅል ሰፍተው ይጠቀሙበት ነበር። ከተጠገነ በኋላ ትኩስ ቡና የማይችል ቢሆን እንኳ በመስኮት ላይ የጤና አዳም ቅጠል ሊይዝ ይችላል።

እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ይህን ነገር በሥርዓታችን የምናውቀው ነው። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከአንዱ አባል ቤት ወደ ተረኛው ቤት ይተላለፋል። ሲተላለፍም በዝምታ አይሰጥም፤ ማኅበረተኛው ቆሞ፣ ጸሎት ደርሶ፣ በማን ስም እንደሚጠጣ ተነግሮ፣ ተረኛው በሁለት እጁ ይቀበለዋል። ጽዋው ከሸክላ ወይም ከሌላ ነገር መሠራቱን የሚጠይቅ የለም። የሚከበረው ከቃል ጋር ስለሚሰጥ ነው። የቤታችን ሲኒ ቅዱስ ዕቃ አይደለም፤ ከዚያ ጋርም አናስተካክለውም። የአሰጣጡን ሥርዓት ግን ልንማርበት እንችላለን፤ ማለት ከቃል ጋር መስጠት፣ በሁለት እጅም መቀበል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። እነዚያ የቶክዮ ሲኒዎች ወዴት ሄዱ? በ1977 ዓ.ም. ከነሣጥናቸው የገዛቸው ቤት ለምን እንደ ተሸጡ አልተነገረውም፤ አልጠየቀምም ይሆናል። ምናልባት ዛሬ ወርቃቸው ሳስቶ በቦሌ ወይም በአያት በአንዱ ቤት ረከቦት ላይ ተደርድረው ይሆናል፤ ምናልባትም ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሸጠው ባሕር ተሻግረዋል። የሚጠጣባቸው ሰው አንዲት ልጅ በእነርሱ ዋጋ እንደ ዳነች አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከሌላ ሰው እጅ የተቀበልኸው ሲኒ በቤትህ ቢኖር፣ ዛሬ ቡና ሲፈላ ገልብጠህ ማኅተሙን እይ፤ ከዚያም የሰጡህ ሰዎች በሕይወት ካሉ ሄደህ ጠይቃቸው። በሕይወት ከሌሉ ደግሞ፣ ማን እንደ ሆኑ ባታውቅም፣ በአቦሉ ጊዜ ነፍስ ይማር በላቸው። የራስህንም ታሪክ ለልጆችህ ሳትነግር አትደር።